ሥራ ፈት ወይስ ሥራ አጥ? ለረጅም ጊዜ ሥራ ስላጡ ሰዎች ስንዘግብ ምን እንጠይቅ

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ እያንዳንዳችን በሰፈራችን የምናየውን አንድ ችግር መርጠን የአንድ ገጽ ዘገባ እንድናቀርብ ታዝዘን ነበር። እኔ ብዙም ሳልጨነቅ ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች መረጥኩ። ምክንያቱም ቅርብ ናቸው፤ ከግቢያችን ወጥቼ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ጋ ሳልደርስ አምስት ስድስቱን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። የዘገባዬ መግቢያም «በአካባቢው ያሉ ሥራ ፈት ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲውሉ ይስተዋላል» የሚል ነበር። ያኔ ጥሩ መግቢያ መስሎኝ ነበር።

ጽሑፉን ፕሪንት አስደርጎ ያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ በአካውንቲንግ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ በተማረበት ሙያ አንድም ቀን ተቀጥሮ አያውቅም። ያን ዕለት ማታ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ምንም አላለኝም። ጠዋት ክፍል ገብቼ ሳወጣው ግን መግቢያው ላይ «ፈት» የሚለው ቃል በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ «አጥ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ እርማት የለውም። እንደገና ለማተም ጊዜ ስላልነበረኝ እንደዚያው አስረከብኩት።

መምህራችን ከ10 አምስት ሰጥተው መለሱልኝ። ጠርዙ ላይም «ድንጋይ ላይ መቀመጣቸውን አይተሻል። ከመቀመጣቸው በፊትስ የት ነበሩ?» ብለው ጽፈዋል። ይህ ጽሑፍ የወንድሜን እርማትና የመምህሬን ጥያቄ ይዤ ያነበብኩትና ያየሁት ነው። የዘገባው ጉዳይ ለሌሎቻችሁም መምጣቱ ስለማይቀር፣ እኔ የሳትኩትን እንዳትስቱት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ከቃሉ እንጀምር

በአማርኛ ሥራ የሌለውን ሰው የምንጠራበት ቃል አንድ ብቻ አይደለም፤ ቃላቱም እኩል አይመዝኑም። «ሥራ ፈት» ስንል ሥራውን የፈታ፣ የተወ ማለታችን ነው። ትዳሯን የፈታችውን ሴት «ፈት» እንደምንላት ዓይነት ነው። ጥፋቱ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ አድራጊው ራሱ ሰውየው ነው። «ሥራ አጥ» ግን ያጣ ሰው ነው። አጣሁ የሚባለው ደግሞ የፈለጉት ነገር ነው፤ ማንም ያልፈለገውን ነገር አጣሁ አይልም። ስለዚህ ወንድሜ የሰረዛት አንዲት ፊደል ሳትሆን የእኔን ክስ ነበር።

«ሥራ ፈላጊ» የሚለውን መሥሪያ ቤቶች ይወዱታል፤ ደህና ቃል ነው፣ ለሪፖርትም ይመቻል። «ቦዘኔ» ሲባል ደግሞ ነገሩ ወደ ፖሊስ ይዞራል። በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ያነጣጠረው ለመሥራት አቅም እያለው የሚታወቅ መተዳደሪያ በሌለውና አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ውስጥ በተገኘ ሰው ላይ ነው። ቁማር መጫወትና ሰው በሚበዛበት ቦታ ማንዣበብ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። አዋጁ ሥራ ማጣት ብቻውን ወንጀል ነው አላለም፤ ይህን ማጣመም አያስፈልግም። ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሳነብ ወንድሜ ትዝ አለኝ። አቅም አለው፤ የሚታወቅ መተዳደሪያ የለውም።

ተረቱም ቢሆን አያዝንም። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። እናታችን ወንድሜ ሲቪውን ለስንተኛ ጊዜ ሲያስተካክል ባየች ቁጥር ይህን ትለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። አሁን ሲቪውን መነካካት ካቆመ ወዲህ ተረቱም ቀርቷል።

ቁጥሩ የሚቆጥረው ማንን ነው?

ስለ ሥራ አጥነት የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ይጀምራሉ። መቶኛው የሚመጣው ግን ከሦስት ጥያቄዎች ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት አንድ ሰው ሥራ አጥ ለመባል በጥናቱ ሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ ያልሠራ፣ ሥራ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነና በቅርብ ጊዜ ውስጥ ሥራ ለማግኘት የሞከረ መሆን አለበት። ይህ ሁኔታ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ የረጅም ጊዜ ሥራ አጥነት ይባላል።

ሲታይ ቀላል ነው። ሆኖም የሰፈራችንን ልጆች አንድ በአንድ በጥያቄዎቹ ውስጥ አሳልፏቸው። አንዱ ማክሰኞ ዕለት ከመኪና ላይ ሲሚንቶ ሲያወርድ አርፍዷል። ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥም እሱ «ሠራተኛ» ነው። ሌላው ለታክሲ የሚሆን ስላጣ ከወር በላይ ማስታወቂያ ለማየት አልወጣም። እሱ ደግሞ «አልፈለገም» ተብሎ ከሥራ አጥም ከሠራተኛም ወጥቶ ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ይመዘገባል። ተስፋ የቆረጠ ሰው በቆረጠ ማግስት ከቁጥሩ ይሰወራል ማለት ነው።

ይህ ክፍተት አልታወቀም አይባልም። የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባደረጉት ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ መደበኛ የሥራ ማፈላለጊያ መንገድ ብዙም በሌለባቸው አገሮች «ሥራ ፈልጓል ወይ?» የሚለው መስፈርት ሊላላ እንደሚችል ተስማምተዋል። በእኛም አገር የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ማለትም የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ይህን የላላ ትርጓሜ ሲጠቀም ቆይቷል። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሁለት ቁጥር ይዘን «ቀነሰ» «ጨመረ» ከማለታችን በፊት ሁለቱም በአንድ ትርጓሜ የተቆጠሩ መሆናቸውን መጠየቅ አለብን። በጥብቁ ትርጓሜ ከሄድን ቁጥሩ የሚቀንሰው ሥራ ስለተገኘ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሰው መፈለግ ስለሰለቸውም ይቀንሳል።

ከመቶኛው ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ የቆይታው ርዝመት ነው። ፒተር ሰርኔልስ የተባለ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ ከተሞች የተሰበሰበ መረጃ ተጠቅሞ በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ሥራ ያጡ ወጣት ወንዶች በአማካይ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያለ ሥራ እንደሚቆዩ አግኝቷል። በዚህ የሚጎዱት በብዛት የተሻለ ትምህርት ያላቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሚፈልጉና ከመካከለኛ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመኙት ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነበር።

መጀመሪያ ስሰማው «ስለዚህማ መርጠው ነው የተቀመጡት» የሚል ነገር መጣብኝ። በኋላ ግን ቤታችንን አሰብኩ። በጣም የቸገረው ሰው አራት ዓመት መጠበቅ አይችልም፤ በሦስተኛው ቀን ያገኘውን ይሸከማል። ለመጠበቅ የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል። የወንድሜን ጥበቃ የሚሸፍነው እናታችን ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክበው እንጀራ ነው። የእኔም ትምህርት ከዚያው ምጣድ ላይ ነው የሚወጣው። ወንድሜ የቀን ሥራ ቢገባ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረችው እናቱ ምን እንደሚሰማት ያውቃል። እሷም ዝም ብትል ምን እንደሚሰማው ታውቃለች። ይህ በመስፈርቱ ውስጥ ጥያቄ የለውም።

ማሪየንታል

መምህራችን የጠየቁኝን ጥያቄ ከዘጠና ዓመታት በፊት በደንብ የጠየቁ ሰዎች አሉ። በኦስትሪያ ከቪየና ብዙም የማትርቅ ማሪየንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች። ነዋሪው በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 እና 1930 ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ በአንድ ጊዜ ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሄደው አጠኑትና መጽሐፋቸው በ1933 ወጣ። ላዛርስፌልድ በኋላ አሜሪካ ሄዶ በብዙኃን መገናኛ ጥናት ስሙ የገነነ ሰው ስለሆነ በቲዮሪ ኮርስ የምናገኘው ነው።

እነዚህ ሰዎች «ሥራ በማጣትህ ምን ተሰማህ?» ብለው አልጀመሩም። ቆጠሩ። በመስኮት በኩል ሰዓት ይዘው የመንደሩን ዋና መንገድ የሚያልፉትን ሰዎች እርምጃ ለኩ። ወንዶቹ ቀስ ይላሉ፣ ደጋግመው ይቆማሉ፤ ሴቶቹ ፈጠን ይላሉ፣ እምብዛም አይቆሙም። ምክንያቱም ፋብሪካው ቢዘጋም ምግብ ማብሰሉ፣ ማጠቡና ልጅ ማሳደጉ አልተዘጋም። ቤተ መጻሕፍት ገብተውም የተዋሱ መጻሕፍትን ቆጠሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚዋሱት መጻሕፍት በግማሽ ገደማ ቀንሰዋል፤ ያውም የመዋሻ ክፍያው ከተነሳ በኋላ! ጊዜ ተርፎ ሳለ ማንበብ ቀነሰ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የፖለቲካና የኢኮኖሚ ትንታኔ የሚያቀርበው የሠራተኞች ዕለታዊ ጋዜጣ ለሥራ አጦች በቅናሽ ይሰጥ ነበር፤ ሆኖም በመንደሩ የነበሩት ደንበኞቹ በ60 በመቶ ቀነሱ። ቀለል ያለ፣ መዝናኛ የሚበዛበት ጋዜጣ ግን ያን ያህል ደንበኛ አልከሰረም። እኛ ስለ ሥራ አጡ ስንጽፍ ሥራ አጡ እያነበበን ነው ብለን ማሰባችንን እንጃ።

ተመራማሪዎቹ የቀን ውሎ ቅጽም አስሞልተዋል። እያንዳንዱ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ ምን እንደሠራ ይጽፋል። ወንዶቹ ልጆች ከመቀስቀስና ምሳ ከመብላት በቀር በመሀል ያለውን ሰዓት ምን እንዳደረጉበት ለማስታወስ ተቸግረው ነበር። ሌላም ደንብ ነበራቸው። ከቡድኑ ማንም ሰው ለማየት ብቻ ወደ መንደሩ አይገባም፤ አንድ የሚጠቅም ነገር ይዞ መግባት አለበት። ልብስ አሰባስበው አከፋፈሉ፣ ነፃ ሕክምና ሰጡ፣ የልብስ ቅድ ትምህርት ከፈቱ። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔ ከሱቁ ስኳር ገዝቼ ስመለስ ያየሁትን ነበር የጻፍኩት።

ሥራ መፈለግም ወጪ አለው

የእኛን ከተማ የሥራ ማስታወቂያ ያየ ሰው ቃላቱን በቃሉ ያውቃቸዋል። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታክሲ አለ፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ፎቶግራፍ አለ፣ ግማሽ ቀን ሰልፍ አለ። በገንዘብ ያዥነት ለመቀጠር ደግሞ ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠየቃል። ሥራ ለማግኘት ሥራ ያለው ሰው ማወቅ ግድ ነው።

ድሮ ሥራ ፈላጊው አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብ ነበር፤ የማስታወቂያ ሰሌዳውም ከዚያው አካባቢ ነበር። አሁን ብዙው ወደ ቴሌግራም ገብቷል። ታክሲው ትንሽ ቀነሰ፤ በምትኩ የኢንተርኔት ጥቅል መጣ። ለአንድ ቦታ የሚያመለክተው ሰውም በዛ።

ወጪው ወሬ ብቻ እንዳልሆነ በአዲስ አበባ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ሳይመን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ በዕጣ ተሰጣቸው። ያገኙት ካላገኙት የበለጠ ፈለጉ፣ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨመረ። የታክሲ ብር ብቻ ነው እኮ የተሰጣቸው። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ (ፍራንክሊንም አለበት) በ2021 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከትራንስፖርቱ ጎን ሌላ ነገር ሞከሩ። ለወጣቶቹ ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አስተማሯቸው፣ ችሎታቸውን ፈትነውም ምስክር ወረቀት ሰጧቸው። ከአራት ዓመት በኋላ የተገኘው ልዩነት የገቢ ነበር፤ ሥልጠናውን የወሰዱት የተሻለ ያገኙ ነበር። የትራንስፖርቱ ውጤት ግን ያን ያህል አልቆየም።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ብዙም አልገረመውም። «ቀጣሪው አያውቀኝም፤ ዲግሪ ሁሉም ጋ አለ። ወረቀቴን ያየ ሰው ምን ለይቶ ይጥራኝ?» አለኝ። ስለዚህ ነው በየመዝገቡ ቤት ደጃፍ ሰልፈኛው እርስ በርሱ «ሰው አለህ?» የሚባባለው። ሙስና አለ፤ የለም አልልም። ግን ሁሉም «ሰው አለህ» ሙስና አይደለም። አንዳንዱ፣ የሚያውቅህና ስለ አንተ የሚናገር ሰው አለህ ወይ ማለት ነው።

አንድ ሳምንት

የማሪየንታልን ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅቼ ወንድሜን ሙላልኝ አልኩት። «ደሞ አሁን እኔን ልትመረምሪኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍም ሳልጠይቀው ከድንጋዩ ላይ ልጆች ጋር ደምሬዋለሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለት ነገር ጠይቆ ተስማማ፤ ስሙ አይጻፍም፣ እኔም ያንኑ ቅጽ ለአንድ ሳምንት እሞላለሁ። በዚያ ላይ ጠቃሚ ነገር ይዞ መግባት የሚለውን ደንብ አስቤ በዚያ ሳምንት የተገኙትን ሁለት ማመልከቻዎች ከትምህርት ስወጣ እኔው ወስጄ አስገባሁለት። አንደኛው ቦታ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ኮፒውን ተቀብላ ሳታየኝ ክምሩ ላይ ጣለችው። ክምሩ ከክርኗ ይበልጥ ነበር።

የሁለታችንን ቅጽ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የእኔ በኮርስ ስሞች የተሞላ ነው። የእሱ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በየቀኑ «እማዬን ማገዝ» ይላል። ከዚያ ቴሌግራም ማየት አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ፤ ረቡዕ ዕለት ከ4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት «ስልክ» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ማንን አናገርክ ብለው ማንንም አላናገረም፤ ከፈተና በኋላ እንደውላለን ያሉት ሰዎች ይደውሉ ይሆናል ብሎ ኔትወርክ ከሚቆራረጥበት ክፍሉ ወጥቶ ደጅ ተቀምጦ ነው። ይህን ከሱቁ መንገድ ላይ ያየ ሰው ምን ብሎ እንደሚጽፍ አውቃለሁ።

የድንጋዩን ልጆችም ቢሆን በአንድ ማለዳ ተከተልኳቸው፤ በፈቃዳቸው ነው። በ12 ሰዓት አራቱ በእግራቸው ሕንፃ ወደሚሠራበት ቦታ ሄዱ። በር ላይ ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር ቆሙ። ፎርማኑ ወጥቶ የሚፈልጋቸውን በጣቱ እየጠቆመ አስገባ፤ ከእኛ ልጆች አንዱ ገባ። ሦስቱ ሌላ በር ሞክረው ሲመለሱ 3 ሰዓት አለፈ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የመምህራችን ጥያቄ መልስ ይህ ነበር፤ ለማግኘት ደግሞ ከአልጋዬ በጊዜ መነሳት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ቅጹ ላይ ያለው «እማዬን ማገዝ» ምን እንደሆነ መጠየቅ ቀርቶኝ ነበር። እንጀራውን ተሸክሞ ለሦስት ሆቴሎች ማድረስና ሒሳብ መቀበል ነው። የሒሳብ ደብተሩንም የሚይዘው እሱ ነው፤ በአካውንቲንግ የተመረቀ አይደል! ወደ መስፈርቱ ስመለስ ግን ለገበያ በሚያመርት የቤተሰብ ሥራ ላይ ያለ ክፍያ የሚያግዝ ሰው እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ እሱ በቀን ሁለት ሰዓት ይሠራል። ይህን ሁሉ ዓመት ሥራ አጥ ነው እያልን ስናዝንለት፣ መጠይቅ የያዘ ሰው ቤታችን መጥቶ በደንብ ቢጠይቀው ኖሮ ሠራተኛ ብሎት ይሄድ ነበር።

ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። «ታዲያ ደሞዜስ?» አለኝ።

የቀን ውሎ ቅጹ እኔ ጋ አለ፤ ለዘገባ የሚፈልግ ወስዶ ኮፒ ማድረግ ይችላል። ወንድሜ ያስቀመጠው ግዴታ ግን እንዳለ ነው፤ የምታስሞሉትን ቅጽ ራሳችሁም ትሞላላችሁ።